የህንዱን ነብር ኦሞ አወረድኩት

ከሶዶ የወጣሁት ጣሊያን ቀረበ የተባለ ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ዳጣ በትንሽ ቅል አድርጋ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ዳሞታ ተራራ አዞረች። ስሄድ ላለማየት ነው። እኔም ዞር አላልኩም፤ ባያት ኖሮ አልሄድም ነበር።

መንገድ ላይ ከአባባ ጩራሞ ጋር ተገናኘን። የወላይታ ቆላ፣ የኪንዶ ሰው ናቸው፤ በኦሞ ቆላ ጎሽ ሲያድኑ ያረጁ። ልጆቻቸው ዘምተው አልተመለሱም። የኦሞን ውሃ እየተከተልን ወደ ደቡብ ወርደን የኬንያን ድንበር ተሻገርን። እዚያ አንድ የእንግሊዝ ሹም ጠረጴዛ ዘርግቶ መጪውን ይጠይቃል። ሶዶ ሳለሁ ከሚሲዮኖች እንግሊዝኛ ቀማምሼ ስለነበር አስተረጎምኩላቸው።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለ ሹሙ።

«አዳኝ ነኝ በለው።»

«እዚህ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው።»

«እኔም ያለ ፈቃድ ሲያድኑኝ ነው የመጣሁት በለው» አሉ።

ሹሙ ሳቀና «ሥራ የለውም» ብሎ ጻፈ።

ካምፑ አቧራ ብቻ ነው። ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ያለ ቅቤ፣ ያለ ዳጣ ይሰጡናል። ሰው ሞልቷል፤ በወላይትኛ የሚያወራኝ ግን ከአባባ ጩራሞ በቀር አልነበረም።

ከካምፑ አጠገብ ሱቅ የነበረው አንድ ህንዳዊ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አዋሰኝ። አንድ እንግሊዛዊ በህንድ ጫካ ሰው በላ ነብር ያደነበት ታሪክ ነው። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ጦጣዎቹ ጮኸው የነብሩን መምጣት ሲያሳብቁ የካምፑ ደወል አይሰማኝም፤ ስንት ቀን ምሳ አምልጦኛል። ለአባባ ጩራሞም በወላይትኛ እየመለስኩ አነብላቸው ጀመር።

«አዳኙ ፍየል ከሥር አስሮ ዛፍ ላይ ወጣ» አልኳቸው።

«ፍየሏስ ምን ሆነች?»

«አይናገርም።»

«ፍየል ኖሮት አያውቅማ» አሉ።

ኋላ ወባ ጣላቸው። እህል እምቢ ብለው ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። የህንዱ ታሪክ ከተኙበት አላነሳ ሲላቸው ነብሩን ኦሞ አወረድኩት። «አዳኙ በኪንዶ በኩል ኦሞን ሲሻገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«በየትኛው መሻገሪያ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

እንደ ምንም ብዬ አንድ ቦታ ጠራሁ።

«እሱ ገደል ነው። ሰውየውን ልትገድለው ነው?»

ከዚያ ራሳቸው ያዙት። መሻገሪያውን፣ ሸምበቆውን፣ የቆሰለው ጎሽ ዞሮ የጠበቃቸውን ቦታ ሲያወሩ ዋሉ። ሲመሽ ገንፎ ጠየቁ። እኔም አዳንኳቸው ብዬ ደስ አለኝ።

በተሻላቸው ማግስት ዱላቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

«መንገዱን አስታወስከኝ፤ ልሄድ ነው» አሉ።

«አገሩ እኮ በጣሊያን እጅ ነው፣ አባባ።»

«ወንዙን አልወሰደውም።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ።»

«አንተ ቆይ፣ ልጄ። እናትህ የሰደደችህ እንድትኖር ነው» ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ።

ከወላይታ በኩል መጣ የተባለውን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ያያቸው አላገኘሁም። ህንዳዊው ሌላ የነብር መጽሐፍ ሰጥቶኛል፤ ከፊተኛውም ይበልጣል። ከግራር ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ነብሩ ከሣሩ ብቅ ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ በወላይትኛ እጀምርና፣ አጠገቤ ያሉት ዞረው ሲያዩኝ ወደ ገጹ እመለሳለሁ።