የጊሪጄሽ ፀጉር

ጊሪጄሽ ድዊቬዲ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖረው ፀጉሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰናፍጭ ዘይት ይቀባውና በጎን ከፍሎ ያበጥረዋል፤ አንዲት ዘለላ እንዳታፈነግጥም መስታወት ፊት ይንጎራደዳል። ከዚያ የቀረው ጊዜው ለውሸት ነው። በጋንጋ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማችን ጤና ቢሮ ቃል አቀባይ ነበርና አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን ብቅ እያለ በኮሮና የሞተውን ሰው ብዛት ይነግረናል።

በዚያ ክፉ ሚያዝያ የሬሳ ማቃጠያ እንጨት ጠፍቶ አስከሬን ወንዙ ዳር ወረፋ ሲጠብቅ፣ እሱ ፈገግ ብሎ "በዛሬው ዕለት የሞተ ሰው የለም፤ ቁጥሩ ተጣርቶ የተረጋገጠ ነው" ይላል። ዘዴው ቀላል ነው። ሟቹ ስኳር ካለበት የገደለው ስኳር ነው፤ ግፊት ካለበት ግፊት ነው። ምንም ከሌለበት ደግሞ ልቡ ቆመ ይባላል። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው የት እንዳየ እንጃለት!

እኛ ዘንድ አባቱ የሞተበት ወንድ ራሱን ይላጫል። በዚያ ወር ሻይ ሻጩም፣ የባንኩ ዘበኛም፣ መግለጫውን የሚቀርፀው ሰውዬ ራሱም መላጣቸውን ሆነው ነበር። ጊሪጄሽ በእነዚህ ሁሉ መሃል ፀጉሩን እያብለጨለጨ ያልፋል። ፊቱ ትንሽ እንኳ ቀላ አይልም።

ከዚያ የገዛ አባቱ ታመሙ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሲመረመሩ ኮሮና ተገኘባቸውና ሆስፒታል በረንዳ ላይ ኦክስጅን ሲጠብቁ አረፉ። ማልቀሱንስ አልቅሷል፤ እሱን አልክድም።

ወንዝ ዳር ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ሲጠብቀው ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው።

"አዝናለሁ ጊሪጄሽ። አባትህ ግፊት ነበረባቸው አይደል?"

"ነበረባቸው ጌታዬ።"

"በቃ፣ በግፊት ነው የሞቱት። ደግሞ ማታ መግለጫ አለህ። ተላጭተህ ቀርበህ 'የሞተ የለም' ልትል ነው? የአገር መሳቂያ ልታደርገን? የምትጠብቀውን የምክትል ኃላፊነት ሹመት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፣ እወቀው!"

ጊሪጄሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እጁ ሳያስበው ወደ ፀጉሩ ሄደ።

"ነገ እላጫለሁ" አለ።

ታናሽ ወንድሙ ሱቦድ ጆሮውን አላመነም። "ወንድም ጋሼ፣ እሳቱን የሚለኩሰው እኮ ታላቅ ልጅ ነው። ሳይላጩ ደግሞ አይለኮስም። አባባን እንጨት ላይ አስተኝተህ ነገ ትላለህ?"

"ሥራ አለብኝ። አንተ አይገባህም።"

"ለወንበርህ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሂድ! ሂድና ተበጠር!"

ሱቦድ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ለምላጩ ሰጠ። አባቱን የለኮሰውም እሱ ነው። ታላቁ ልጅ ከሩቅ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። እናትየው ካምላቫቲ "ክፈቱት፣ ምን እንደሚል ልስማው" ብለው ቴሌቪዥኑን አስከፈቱ። ጊሪጄሽ ዘይቱን ተቀብቶ፣ ተበጥሮ ብቅ አለ።

"በዛሬው ዕለት የሞተ ሰው የለም፤ ቁጥሩ ተጣርቶ የተረጋገጠ ነው።"

ካምላቫቲ አላለቀሱም። "ዝጉት" ብቻ አሉ።

ጊሪጄሽ ሲመለስ፣ ከሩቅ መንደር ለልቅሶ የመጡ አንዲት አሮጊት ከእናቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

"አይዞሽ እህቴ" ይላሉ አሮጊቷ፣ "ስንት ወንድ ልጅ ትተውልሽ ሄዱ?"

ካምላቫቲ ቀና ብለው በሩ ላይ የቆመውን ልጃቸውን አዩት። ከዚያ የሱቦድን መላጣ ዳበስ አደረጉ።

"አንድ" አሉ። "ተጣርቶ የተረጋገጠ ነው።"

አሮጊቷ ዘወር ብለው ወደ በሩ አዩ።

"ታዲያ ያ ፀጉራሙ ሰውዬ ማነው?"