ቬሎ፣ ፈረስና ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና

ይታይሽ አዝመራው መኪና ልትገዛ ዳንግላ የሄደች ቀን አንድ ትልቅ ቬሎ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ቬሎውን የምትለብሰው የሱቋ ሠራተኛ ሕይወት ናት። መኪናውን የሚፈትሸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዳው ታናሽ ወንድሟ እንየው። እኔን ይዛኝ የሄደችው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሬያት ስለተማርኩ ብቻ ይመስለኛል። «አንተ ምንም አትሠራም፤ ብቻ ቁጭ ብለህ ታያለህ» አለችኝ። እንዳለችው ሆነ።

እንጅባራ ውስጥ ቬሎ ማከራየት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ከጥሊሊ፣ ከግምጃ ቤት፣ አንዳንዴም ከቆላው ከጫግኒ የሚመጡ ሙሽሮች የሷን ልብስ ለብሰው ተድረዋል። ባለፈው የሠርግ ወቅት ግን ሦስት ሙሽሮች ከባሕር ዳር ጣሪያው የሚከፈት መኪና ተከራዩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። መኪናውን የሚያከራየው ቤት ቬሎም ስለነበረው የሷ ልብሶች ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉ ወቅቱ አለፈ። ይታይሽ ባሏ ትቶላት የሞተውን ሚኒባስ ሸጠች። ገንዘቡ ለአንድ መኪና ብቻ ይበቃል። ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን የግምጃ ቤት ሠርግ መኪና አቀርባለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ከተሳሳተች ሱቁም አይተርፍም።

ክፍት መኪና መፈለጓ ግን ለገበያ ብቻ አልነበረም። እሷ ስትዳር ይዟት የመጣው ባለ ብረት ጣሪያ ላንድሮቨር ነበር። ያን ቀን ዘነበ፤ መስኮቱ በሙሉ ጉም ለበሰ። እኔ ከመኪናው ጎን ከሚሮጡት ልጆች አንዱ ነበርኩ። አንዲት ነጭ ጥላ ከመስተዋቱ ኋላ ስትንቀሳቀስ ነበር ያየሁት። «ፈረሰኞቹ ዙሪያዬን ሲጋልቡ ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ። አንድም ሰው አላየኝም፤ እኔም አንድም ሰው አላየሁ» ትላለች እስከ ዛሬ።

ሻጩ ባምላክ የሚባል ጥርሰ ነጭ ሳቂታ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ያገለገሉ መኪኖች አጥቦ አቁሟል። አንዱ ባለ ሁለት ወንበር፣ ቀይ፣ ጣሪያው በእጅ የሚታጠፍ ጥቁር ሸራ የሆነ የስፖርት መኪና ነው። ሌላው ብርማ፣ ባለ አራት ወንበር፣ ጣሪያው ብረት ሆኖ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚታጠፍ ነው።

እንየው ቀዩን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ፣ አለቀ። ወደ ቤት እንሂድ።»

«ምኑ አለቀ?»

«ይሄን ትተሽ ሌላ የምታይ ከሆነ ወንድም የለሽም።»

«ሕይወት፣ ልበሽ» አለች ይታይሽ።

ባምላክ ግራ ገባው። «ማን ነው ሙሽራዋ? እንኳን ደስ አላችሁ!»

«ሙሽራ የለም። ልብሱን ልለካ ነው።»

«ለማን?»

«ለመኪናው።»

ሕይወት ከባምላክ መጋዘን ለብሳ ስትወጣ ግቢው ጠበበ። ቬሎው ከሥሩ በሽቦ የተነፋ ነው። ከቀዩ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ቀሚሱ ፊቷን ሸፈነው፤ የተረፈው በእንየው ጭን ላይ ፈሰሰ። እንየው ሞተሩን አስነሥቶ እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!» ጮኸች ሕይወት።

«ምን ላድርግ? ማርሹ ያለው ያንቺ ቀሚስ ውስጥ ነው!»

ባምላክ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ይታይሽ አልሳቀችም።

«ሙሽራውስ የት ይቀመጣል?»

«ሙሽራው ራሱ ይነዳላ! ባሕር ዳር እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«የግምጃ ቤት ሙሽራ መንጃ ፈቃድ የለውም። ልጅቱን ይዞ ገደል ይግባልህ?»

ብርማው ውስጥ ግን ሕይወት ከኋላ እንደ ንግሥት ተንጣለለች። ለሙሽራውም ቦታ ተረፈ። ባምላክ ቁልፉን ሲጫን የኋላው ክዳን ተበረገደ፤ ጣሪያው ተነሥቶ ለሁለት ታጠፈና እዚያው ውስጥ ተቀበረ። ሕይወት አጨበጨበች። እንየው አኮረፈ።

«ብረቱ ሲበላሽ እንጅባራ ውስጥ ማን ይሠራዋል? ሸራው ቢቀደድ አንቺው ትሰፊዋለሽ። ደግሞ ጣሪያው የዕቃ መጫኛውን ሞላው፤ የሙሽሪትን ሻንጣ ጭንቅላቴ ላይ ልሸከም?»

ነገሩ እውነት ነበር። ይታይሽ ሁለቱን መኪኖች እየዞረች አየች። ቆይታ «በሉ ሁለቱንም ይዘን ወደ እንጅባራ እንሂድ። ፈረሶቹ ይዩአቸው» አለች።

«ማን ይያቸው?» አለ ባምላክ።

ሰውየው የመጣው ከሩቅ አገር ነው፤ አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ ሙሽራ ያለ ፈረሰኛ አትሄድም። መኪና ቢኖርም ፈረሰኞቹ ከፊትና ከጎን ሆነው ያጅባሉ። ፈረስ የሚሸሸውን መኪና ለሠርግ የሚከራይ አይኖርም።

እንጅባራ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ጋሼ ይኸነው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር በየፈረሳቸው ሆነው ጠበቁን። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ዳማ ፈረስ ጋላቢ ናቸው፤ የግምጃ ቤቱንም ሠርግ የሚያጅቡት እሳቸው ናቸው። እንየው የቀዩን ሸራ በእጁ ቀስ አድርጎ አጠፈ። ዳማው አሸተተው፤ ሰለቸውና ሣር መጋጥ ጀመረ።

«ይኸው! ፈረስ እንኳ ገብቶታል!» አለ እንየው።

ባምላክ የብርማውን ቁልፍ ተጫነ። ጣሪያው እያጉረመረመ ተነሣ፤ የኋላው ክዳን አፉን ከፈተ። ዳማው በሁለት እግሩ ቆመ። ከዚያ አራቱም ፈረሶች ሜዳውን ይዘው ከማዶ ወዳለው ቀርከሃ ሸመጠጡ። ጋሼ ይኸነው ከሩቅ ሲመለሱ ባርኔጣቸው የለም።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ አውሬ? ጣሪያውን ውጦ ዝም አለ እኮ!»

ሁላችንም ቀዩ ያሸነፈ መሰለን። ይታይሽ ቬሎውን ባቀፈችው ሕይወትና በፈረሶቹ መካከል ለረጅም ጊዜ ቆመች። ልጅ ሆና የሒሳብ ጥያቄ ሲከብዳት እንደዚያው ከንፈሯን ነክሳ ትቆም ነበር፤ መልሱን ካላገኘች ለእረፍት አትወጣም።

«ጋሼ ይኸነው፣ ፈረስዎ ምን ይወዳል?»

«ገብስ ነዋ።»

«ቀሚሱን አላሳጥረውም፤ ሙሽራውንም ሜዳ ላይ አልጥለውም። ፈረስ ግን ይለምዳል። ሦስት ጧት ይስጡኝ።»

ባምላክ መኪናውን ትቶ መሄድ ስላልወደደ እሱም ከኛ ጋር አደረ። በመጀመሪያው ጧት ይታይሽ ገብሱን ከመኪናው ሃያ እርምጃ ርቃ አፈሰሰች። ቁልፉ ሲጫን ፈረሶቹ ሸሹ፤ ተመልሰው በሉ። በሁለተኛው ጧት አሥር እርምጃ ላይ ሆነ። ጋሼ ይኸነው በዳማው ጆሮ ሥር በአውኚ ቋንቋ እያባበሉ አንገቱን ያሻሹታል፤ ጣሪያው ይነሣል፣ ይወርዳል። በሦስተኛው ጧት ገብሱ ኮፈኑ ላይ ነበር። ጣሪያው ከራሱ በላይ ሲንቀሳቀስ ዳማው ቀና ብሎ አየው፤ ማኘኩን አላቆመም። ባምላክ ከደስታው የተነሣ ሊያቅፈው ሲጠጋ ዳማው ትከሻውን ነከሰው።

«እሱን ደግሞ ገና አልለመደውም» አሉ ጋሼ ይኸነው።

ብርማው ተገዛ። እንየው ቀዩን እየነዳ እስከ ዳንግላ ሸኘው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር። ሙሽሪት ፀጋነሽ የለበሰችው ይታይሽ በዚያው ወር ያስመጣችውን፣ ማንም ያልለበሰውን ቬሎ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ፣ ፈረሰኞቹ ከፊት ሆነው፣ ግምጃ ቤት መግቢያ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ። ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ይታይሽ ከፊት ከእንየው ጎን ተቀምጣለች፤ እኔ እንደ ልጅነቴ ከመኪናው ጎን በእግሬ እሄዳለሁ። ጠብታው መውደቅ ሲጀምር እንየው ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ።

«እትዬ፣ ልዝጋው?»

«አይዘጋ!» አለች ሙሽሪት ከኋላ። «አክስቶቼ ከዚያ ማዶ ቆመዋል። ገና አላዩኝም!»

«ፀጋነሽ፣ ቬሎው ይበላሻል» አለ ሙሽራው፣ በከራቫቱ ታንቆ።

«ይበላሽ!»

እንየው ዞር ብሎ እህቱን አየ። አዲሱ ቬሎ የሷ ነው፤ ጣሪያውን ለመዝጋት ደግሞ አንድ ጣት ይበቃል። ይታይሽ ወደ ኋላ ዞራ ልጅቱን አየች። ፀጋነሽ ተነሥታ ቆማ፣ ፊቷ በውኃ እያበራ፣ ሁለት እጇን እያውለበለበች ትስቃለች። ከማዶ አክስቶቿ እልል ሲሉ ከዝናቡ በላይ ተሰማ።

«ተወው» አለች ይታይሽ። «ቀስ ብለህ ንዳ። በደንብ ይዩአት።»

ያኔ ጋሼ ይኸነው ዳማውን ከመኪናው ጎን አስጠጉት፤ እግራቸው የመኪናውን በር ይነካ ነበር። የለበሱትን ጥቁር በርኖስ በአንድ እጃቸው አወለቁና ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ዘረጉት። ሌላው ፈረሰኛ በወዲያ በኩል መጥቶ ጫፉን ያዘ። መኪናውና ፈረሶቹ እኩል እየተራመዱ፣ በርኖሱ በመካከላቸው ተወጥሮ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥን። ፈረሶቹ አንዴም አልደነበሩም። ሙሽሪትን ያላየ አልነበረም።

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ» አለ እንየው መሪውን እንደያዘ፣ «እንዲህ ያለ ጣሪያ አላየሁም። ቀዩ ቢሆን ኖሮ ሙሽራው በእግሩ ነበር የሚመጣው።» ብርማውን ከገዛን በኋላ ስለ ቀዩ በፈገግታ ሲያወራ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ይታይሽ የቬሎውን ጫፍ ከጭቃ እያጠበች ሳለ ከጥሊሊ አንዲት ሴት ደወለችላት። ጥያቄው ስለ ልብሱ ወይም ስለ መኪናው አልነበረም። ሴትየዋ ሽማግሌውና በርኖሱ አብረው ይከራዩ እንደሆነ ነበር የምትጠይቀው። ይታይሽ ስልኩን በትከሻዋ እንደያዘች ሳቀችና «ቆዪ፣ እሳቸውን ልጠይቃቸው» አለች።