በምላስ የተለካ ባሕር

አጎቴ ሰቆጣ ላይ ፎቅ ቤት ሠርተው ሲጨርሱ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር ማስገባት አማራቸው። እውነተኛውን ባሕር፤ በመስታወት ገንዳ ጨዋማ ውሃ፣ ብርቱካንማ ዓሣ፣ ድንጋይ መስሎ ሕይወት ያለው ኮራል። በጨው ንግድ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ጅቡቲ ሄደው እግራቸውን ነክረዋል። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ስለ ባሕር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ዕቃውን እንድመርጥ የጠሩት እኔን ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለ ኮራል ሦስት ዓመት በስልኬ ያነበብኩት ይበቃኛል። አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው፦ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ፓምፖች፣ ለሌሊቱ ብርድ ማሞቂያ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያሠራ ባትሪ፣ ለባሕር ዓሣ የተዘጋጀ ጨው፣ የጨው መለኪያ።

እስክሪብቶ ይዘው አነበቡት።

«ይሄ ማጣሪያ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከሥር፣ ገንዳው የሚቆምበት ሳጥን ውስጥ።»

«አይታይማ!» ሰረዙት። ባትሪውም ስለማይታይ ተሰረዘ። ማሞቂያው ላይ ሲደርሱ «ጋቢም እንግዛለት እንዴ?» አሉ። ጨዉ ላይ ግን ተቆጡ። «ለዋግ ሰው ጨው ከውጭ ሊመጣለት? ሰው ምን ይለኛል!»

በተሰረዘው ፋንታ በሪሞት ቀለሙን የሚቀያይር መብራትና ውሃው ውስጥ የሚቆም የጄሶ ግንብ አዘዙ። ሁለቱም በደንብ ይታያሉ።

ከገበያ ለከብት የሚሸጥ አሞሌ ጨው አስመጥተው በሙቀጫ አስወቀጡ። የእኛ አገር ጨው ነጋዴ አሞሌን የሚፈትነው በምላሱ ነው፤ አጎቴም ባሕራቸውን እንዲሁ ሠሩት። ጣታቸውን ይነክራሉ፣ ይልሳሉ፣ «ገና ነው» ይላሉ፣ ይጨምራሉ። በመጨረሻ ፊታቸውን አጨፍግገው «አሁን ባሕር ሆነ» አሉ።

የጨው መለኪያውን ለራሴ ገዝቼው ነበር፤ እንደ ትንሽ መነጽር በአንድ ዓይን የሚታይበት ነው። ጫፉ ላይ ባለችው መስታወት አንድ ጠብታ አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ብቻ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ያህል ጨው አለው። የአጎቴ ባሕር ስልሳ አለፈ።

አጎቴ ያዘዟቸው ዓሦች ከጅቡቲ በአንድ ሹፌር ወዳጃቸው መኪና ወልድያ ደርሰው፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጡ፤ ሁለት ዓሣና አንድ ቁራጭ ኮራል፣ በውሃ በተሞላ ላስቲክ። ለምርቃቱ የንስሐ አባታቸውና ጎረቤቶች ተጠርተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ግማሹን ውሃ ቀንሰን ንጹሕ እንጨምርበት። አለዚያ ይሞታሉ» አልኳቸው በጆሯቸው።

«እናትህ ሳትወለድ ጨው ነክሻለሁ!» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ያ መነጽርህ ምላስ አለው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ በብርጭቆ ቀድተው ለቄሱ ሰጡ። «አባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።»

ቄሱ ቀምሰው ጎመዘዛቸው። እንደ ሌላው አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ ይላሉ። ይሆናል?»

አጎቴ አፈጠጡብኝ። መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ይሆናል፣ አባ» አልኩ።

ዓሦቹ ከላስቲኩ ወደ ገንዳው ተገለበጡ። አንዱ ወዲያው ግንቡ ሥር በጎኑ ጋደም አለ። «መንገድ ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አለች አንዲት ጎረቤት። ሌላው ውሃው አናት ላይ አፉን እየከፈተ ዞረ፤ አጎቴ ሰላምታ እየሰጠ ነው ብለው መብራቱን ሐምራዊ አደረጉለት። ማዕድ ሳይነሳ ሁለቱም ሞቱ። ኮራሉ ንፍጥ መሰለ።

«ደጋ አልተስማማቸውም» አሉ አጎቴ። ጎረቤቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰቆጣ ዓሣ የሚገድል ከፍታ አላት። ዛሬ ገንዳው ውስጥ የሚዋኙት የፕላስቲክ ዓሦች ናቸው። እንግዳ አጠገባቸው ፎቶ ይነሳል፣ መብራቱም ይመሰገናል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ አቆሙኝ። ስለ ደጋው አላነሱም።

«ይሆናል ብለኸኝ አልነበር?» አሉኝ።