ዳኛው አይነሱም

ወንድሜን የገደለው ሰው ዳባት ገበያ ላይ ገብስ ሲሸጥ አገኘሁት። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ሰላም አለኝ። ስለ እሱ ግን አይደለም የምጽፈው። ስለ ፈቱት ዳኛ ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ከሸንጎው አንዱ የባላጋራ ዘመድ ከሆነ፣ ባለጉዳዩ ይነሱልኝ ይላል። ፍርዱ ከአፍ እስኪወጣ ድረስ መብቱ ነው። ሽማግሌው አይቆጣም። ዱላውን ይዞ ከዛፉ ጥላ ይወጣል፣ ሌላ ሰው ይተካል።

የገዳዩ ይግባኝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደረሰ። ችሎቱ ጎንደር ተቀምጦ ስለነበር ከአባቴ ጋር በኮሶዬ በኩል ወረድን። የመሐል ዳኛው የገዳዩን የእህት ልጅ እንዳገቡ የሰማነው ያን ጠዋት፣ ደጁ ላይ ነው። ዳኛው ፍርዱን ሊያነቡ ሲሉ አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ቆመ። እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ዘመዱ ነዎትና ይነሱልን» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። እንዲህ ያለው አቤቱታ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ይህ ችሎት መድፈር ነው አሉ። ፖሊስ አባቴን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ፍርዱን ብቻዬን ሰማሁ። ማስረጃው አይበቃም፣ ይለቀቅ። ያን ሌሊት ገዳዩ ቤቱ አደረ። አባቴ እስር ቤት።

ዳኛው ከሹመታቸው ይነሱ ብዬ አቤቱታ ላጽፍ ደባርቅ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዳኛ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር በስብሰባ የሚወርድ መሰለህ?»

ሕጉን አውቀዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ሥነ ዜጋ ያስጠናኝ ወንድሜ ነበር። ዳኛ ጡረታው ሳይደርስ፣ ራሱም ሳይፈቅድ፣ እንዲሁ አይነሳም። ጥፋት መሥራቱን፣ ወይም ሥራው እንዳቃተው፣ ወይም በሕመም መሥራት እንደማይችል የዳኞች ጉባኤ ይወስናል። ከዚያ ምክር ቤቱ ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ያጸድቃል። ለምን እንዲህ ከበደ ብዬ ወንድሜን ጠይቄው ነበር። ድንች እየኮተኮትን ነበር።

«ባለሥልጣን ደስ ባለው ቀን የሚያነሳው ዳኛ፣ ለድሀ ይፈርዳል?» አለኝ።

ለድሀ።

አቤቱታውን አጽፌ ለጉባኤው ላክሁት፤ መልሱን ስንጠብቅ ክረምቱ አለፈ። የመጣው መልስ፦ ዝምድናው በጊዜው በአቤቱታ አልቀረበም፤ ፍርዱ ስህተት ቢሆን እንኳ፣ ፍርድ መሳሳት ብቻውን ዳኛን ከሹመት አያስነሳም። ነገሩ ምክር ቤት ሳይደርስ ቀረ። ወንድሜ ትክክል ነው ያለውን ሕግ ጠላሁት። አሁንም እጠላዋለሁ። እሱ ልክ እንደነበር ግን አውቃለሁ፣ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

በጥቢ በድንበር የተጣሉ ጎረቤቶች አባቴን ለሽምግልና ጠሩት። አንደኛው የገዳዩ አጎት ነው። አባቴ ገና ሳይናገር ሰውዬው ደመኛዬ ነዎትና ይነሱልኝ አለ። እሱ!

አባቴ ዱላውን ይዞ ተነሳ።

መንገድ ላይ ለምን እሺ እንዳለው ጠየቅሁት።

«እኔም ቁጭ ልበል?» አለኝ።

ከኋላው እየሄድኩ ድንጋይ መታሁ። እግሬን አመመኝ፣ ደግሜ መታሁት።