ቪቶሪዮ አላለም

የበደለኝ ሰው ስሙ ታምሩ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ካድሬ። የበደለኝም በደርግ ጊዜ፣ በፍልሰታ ማግስት፣ ባሕር ዳር፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ነው። በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ከእኅቴ ቤት በጓሮ ወጥቼ የጎንደር አውቶቡስ ላይ ተሳፈርሁ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ጣናን ዞሬ አላየሁትም። ባየው እቀር ነበር።

ነገሩ የመጣው በኳስ ነው። የፋብሪካው ቡድን አሠልጣኝ ቪቶሪዮ የሚባል ጣልያን ነበር። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ በአገሩ ስሙ የተጠራ አጥቂ ነበር፤ አጭር ሆኖ ሳለ በቴስታ ያገባል። ጉልበቱ ሲበላሽ አሠልጣኝ ሆነ፤ ከቡድን ቡድን ሲዞር እኛ ዘንድ ደረሰ። እኔ ጎንደር ጣልያን መካኒክ ቤት ስላደግሁ ቋንቋውን አውቃለሁ፤ ከፈትል ክፍል አውጥተው አስተርጓሚ አደረጉኝ።

ፍልሰታ ገባ። ልጆቹ በቀትር ልምምድ ላይ እየተዝለፈለፉ ወደቁ፤ አምበሉ በላይ ሳይቀር።

«ስንፍና ነው ወይስ ወባ?» አለኝ ቪቶሪዮ።

«ጾመኞች ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«ጾመኛ ጾምሁ ብሎ አያወራም፤ ዋጋ ያሳጣል።»

ጉልበቱን ዳበስ አድርጎ፣ «እኔም የታመመ ጉልበቴን ከአሠልጣኜ ደብቄ ስጫወት ነው የጠፋሁት» አለ። ከማግስቱ ጀምሮ ልምምዱን ወደ አመሻሽ አዛወረው። እነሱ ሳይበሉ እሱም አልበላ አለ። የጎንደሩን ቡድን በገዛ ሜዳው አሸነፍን።

ታምሩ ግን ስብሰባ ጠራ። «አሠልጣኙ የሠራተኛውን ቡድን ለቄሶች አሳልፎ ሰጥቷል! ጥፋቱን ይመን!»

ቪቶሪዮ ተነሥቶ በጣልያንኛ፣ «ልጆቹ በባዶ ሆድ እንዳይሮጡ አደረግሁ። ነገም አደርገዋለሁ» አለ።

«አጥፍቻለሁ አለ በይ» አለኝ ታምሩ።

«አላለም።»

«ጓድ አለምነሽ፣ ያዘዝሁሽን ተርጉሚ!»

«ያዘዝኸኝንማ ራስህ በአማርኛ ተናግረኸዋል፤ ምኑ ይተረጎማል?»

አዳራሹ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያሰደደኝ። ቪቶሪዮን ወደ አገሩ ሸኙት፤ እኔን ከሥራ አባረሩኝ። ታምሩ «የጣልያን ቅምጥ» የሚል ስም ለጠፈብኝ፤ ቀበሌም ይፈልገኝ ጀመር።

በመተማ ሱዳን ገባሁ። ካርቱም ሆኜ ቪቶሪዮን በደብዳቤ አፈላልጌ አገኘሁት፤ በሱ ዋስትና ጣልያን ተሻገርሁ። የስደተኞች ቢሮ ሹሙ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ለምን ተሰደድሽ?»

«በኳስ ምክንያት።»

«ተጫዋች ነሽ?»

«አስተርጓሚ።»

«ኳስ ደግሞ ምኑ ይተረጎማል?»

«እኔም ይህንኑ ብዬ ነው የተባረርሁት።»

ቤት የሰጠችኝ የቪቶሪዮ ሚስት አድሪያና ናት። የቅምጥነቴ ወሬ ይኸው ነው። «ቅመምሽ መጋረጃዬ ውስጥ ገባ!» እያለች ትነጫነጫለች፤ ሽሮዬን ግን ጠርጋ ትበላለች። የዚህ አገር የጠዋት ጭጋግ ከጣና የሚነሣውን ይመስላል፤ ሲገለጥ ግን ሥሩ ውሃ የለም፣ የበቆሎ ማሳ ብቻ። ቪቶሪዮ የከተማዋን ወጣቶች ያሠለጥን ነበር። እስኪሞት ድረስ ከልምምድ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ «የደበቃችሁኝ ሕመም አለ?» ሳይል አላጫወተም።

በቅርቡ ታምሩ ደወለልኝ። አሁን የሰንበቴ ማኅበር መሪ፣ ሙሴ፣ ሆኗል አሉ።

«እኅት አለም፣ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊሰባሰቡ ነው። እነ በላይ በክፉ ያነሡኛል። ያኔ ለቪቶሪዮ ስከራከርለት እንደነበር ብትመሰክሪልኝ?»

«እመሰክራለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ!»

«የሆነውን እመሰክራለሁ።»

«የሆነውንማ ተይው፣ እኅቴ!»

ጣና በዚህ ክረምት ሞልቶ እንደሆነ ልጠይቀው አሰብሁ። ከሱ አፍ መስማት አልፈለግሁም፤ ዘጋሁት።

በነጋታው ይህን ጽፌ ለበላይ ላክሁለት። የታምሩን ስም አልቀየርሁም።