ሰማይ የሚያዩ ጫጩቶች

ወለተሰንበት የጫጩቷን መንቁር በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈልቀቅ አድርጋ ከጎኑ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ጫጩቷ አልዋጠችም። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባዋ ላይ ወድቋል፤ ዓይኗ ሽቅብ ተተክሏል። ወለተሰንበት ጠበቀች። የጫጩቷ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ ካየች በኋላ ሁለተኛውን ጠብታ ጨመረች። ቶሎ ቶሎ ካፈሰሱት ወደ ሳንባ ይገባና ያንቃል።

«ዛሬስ ስንት ሞተ?» አለ ገብረየሱስ በሩ ላይ ቆሞ። የጣሊያናዊው ካፒቴን አስተርጓሚ ነው፤ የሐማሴን ሰው።

«ሁለት። ከበፊቶቹ ጋር ዘጠኝ።»

«የቀሩትማ አውሮፕላን ጠባቂ ሆነዋል፤ እትዬ። ሁሉም ሽቅብ ነው የሚያዩት።»

«አትቀልድ አንተ! እኔን ሽቅብ ሲሰቅሉኝ ያኔ ትስቃለህ።»

ካፒቴኑ ትናንት የተናገረውን የተረጎመላት ገብረየሱስ ራሱ ነው፤ ጫጩቶቹ እስከ እሑድ መሞታቸውን ካላቆሙ የመረዘቻቸው እሷ ናት፤ መራዥ ደግሞ የት እንደሚሄድ ይታወቃል።

ወሩ መስከረም፣ ዘመኑ ፲፱፻፴ ነው። ካፒቴኑ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ኃላፊ ሲሆን የሚኖረውም እዚያው አጠገብ ነው። አርባ ጫጩቶች ከአስመራ በሳጥን አስመጥቶ ዶሮ የምታሳድግ ሴት ሲያፈላልግ ሰፈሩ በሙሉ ወለተሰንበትን ጠቆመው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከልደታ ማርያም በስተጀርባ ጠላ ትሸጣለች። ባሏ ዓባይነህ በየካቲቱ ፍጅት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሬሳ ስላላየች ለቅሶ አልተቀመጠችም።

የካፒቴኑ ትእዛዝ አንድ ነበር። ጫጩቶቹ ከመጋዘኑ ነጭ ሩዝ በቀር ሌላ እንዳይቀምሱ፤ ያገሬው እህል ቆሻሻ ነው። እሷም ሩዙን እየቀቀለች አበላች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዷ እግሯ ከዳትና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተቀመጠች። በማግሥቱ አንገቷ ተቆለመመ። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ።

ፈንግል ነው እንዳትል፣ ፈንግል ቢሆን የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ጠርጎ በጨረሰ ነበር። እቤቷ ያሉት፣ ከእነዚህ ጋር እኩያ የሆኑት ጫጩቶች ግን ይሯሯጣሉ። እነዚያ የሚያገኙት፣ እነዚህ የማያገኙት ምንድን ነው? ጋኑን አጥባ አተላውን ደጅ ስትደፋ እየተሻሙ የሚጨርሱት ትዝ አላት። ዛሬ ጠዋት ወፍራም ወፍራሙን በቅል ቀድታ በነጠላዋ ሸፍና አስገባችው፤ በጣቷ የምታንጠባጥብላቸው እሱን ነው። ካፒቴኑ አልፈቀደም፤ አልጠየቀችውምም።

በአራት ሰዓት የጫማ ኮቴ ተሰማ። ካፒቴኑ ገባ፤ ቅሉን አየ፤ እርጥብ ጣቷን አየ። በጣሊያንኛ ጮኸ። ምን እንደጠየቀ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«መድኃኒት ነው» አለች።

ካፒቴኑ የሚያውቀው አማርኛ ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ ይህን ቃል ግን ያውቀዋል። መኮንኖቹ በገበታ ላይ ደጋግመው አስጠንቅቀውታል። እነዚህ ሰዎች ምግብ ውስጥ «መድኃኒት» ያደርጋሉ፤ ሰው የሚገድሉት በሱ ነው። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«እትዬ፣ ምነው! መርዝ ያሉት መሰለው እኮ!» አለ ገብረየሱስ።

«አተላ ነው በለው!»

«አተላን በጣሊያንኛ ምን ልበለው?»

«የጠላ ዝቃጭ በለው፤ ያሻህን በለው፤ ብቻ ቶሎ በል!»

ገብረየሱስ እያላበው ተናገረ። ካፒቴኑ እስኪጨርስ አልጠበቀውም። በሽጉጡ አፍ መጀመሪያ ወደ ቅሉ፣ ቀጥሎ ወደ አፏ አመለከተ።

«ይጠጡት ይላል።»

አተላ የአህያና የላም ነው። ሰውን አተላ ጠጣ ማለት ስድብ ነው። ደግሞም ዓርብ ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ወለተሰንበት ቅሉን በሁለት እጇ አንስታ እስከ ታች ጨለጠችው። ጾሟን ገደፈች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ጌሾ በዝቶበታል በለው።»

ገብረየሱስ ይህን አልተረጎመም።

ካፒቴኑ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ የኪስ ሰዓቱን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። እስክትወድቅ እየጠበቀ ነው። አውሮፕላን ተነሥቶ በጣራው ላይ አለፈ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። እሷ የምታየው እሱን አልነበረም። ማለዳ መጀመሪያ ያጠጣቻት ጫጩት ቅርጫት ውስጥ፣ አንገቷ በጨርቅ ተደግፎ ተኝታለች። ጫጩቷ አሁን ከሞተች ወለተሰንበት አተላውን መጠጣቷ ምንም አይፈይድላትም።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል የጫጩቷ አንገት ላላ። ወደ ጎን ዞረ፤ ተመልሶ ተቆለመመ። እንደገና ላላ። ጫጩቷ ከጨርቁ ወጥታ ወደቀች፤ ተነሣች። መሬት ላይ የተንጠባጠበውን አተላ ጫር አድርጋ ለቀመች።

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አያት። ሽጉጡን ከተተ፤ አጠር አድርጎ ተናገረ።

«እስከ እሑድ ልይ ይላል» አለ ገብረየሱስ።

«ሩዙ ይቅር በለው። ፉርሽካ ይምጣ፤ ቤት ካለው አተላ ጋር አሽቼ አበላለሁ።»

«እርስዎ ካፒቴኑን ሊያዙት ነው?»

«አተላውን ከጠጣሁ ወዲያ ምን ቀረኝ? በለው!»

ገብረየሱስ ተረጎመለት። ፉርሽካው ከሰዓት በኋላ መጣ። እስከ እሑድ ሁለት ጫጩቶች ሞቱ፤ ሃያ ዘጠኙ አንገታቸውን መለሱ።

በጥር ካፒቴኑ ወደ ጎንደር ሲዛወር ለስንብት ግብዣው ሃያ ዘጠኙንም አሳረደ። ያረዳቸው ገብረየሱስ ነው።