ማር ዶቅማና ያልወረደችው ጦጣ

ልጅ ሳለሁ ዶቅማ ማለት ለእኔ የወንዛችን ዶቅማ ብቻ ነበር። ሌላውን ዶቅማ ውጫሌ ገበያ ሲሸጡት አይቻለሁ፤ ይጎመዝዛል፣ ምላስ ያሻክራል፣ የሚገዛውም የእኛን ያላወቀ ነው። የእኛው ጥቁር፣ ውሃ የሞላ፣ ጥርስ ሲነካው የሚፈነዳ ነበር፤ ስሙንም ማር ዶቅማ እንለው ነበር። ዛፉ አንድ ብቻ ነው፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በታች ወንዙ ዳር፣ ግንዱ እስኪቦረቦር ያረጀ።

ፍሬው የሚደርሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ያኔ እኛ የመንደሩ ልጆች ምላሳችን ጠቁሮ፣ የተረፈንን በቀሚሳችን ጫፍ ቋጥረን፣ ጎረቤታችን አያ ይመር ቤት እንሰበሰባለን። አያ ይመር ዓይናቸው የደከመ፣ አፋቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ፍሙ ቀልቶ፣ ኩራዙ እየጨሰ፣ ዶቅማውን እየበላን ተረት እንሰማለን። ዘሩን ግን መዳፋችን ላይ እናጠራቅማለን፤ እሳት ውስጥ የጣለ ከቤት ይወጣል። ተረቱ የሚጥመው ቦታ ሲደርስ እሳቸው ጸጥ ይላሉ።

«ከዚያስ አያ?»

«ከዚያማ ዘሩ እጃችሁ ላይ እየደረቀ ነው። ሂዱና ቅበሩት፤ ቀሪው ስትመለሱ።»

እየተገፋፋን እንወርድና ከወንዙ ከፍ ካለው እርጥብ ዳር፣ ጭቃው ውስጥ በተረከዛችን ደፍጥጠነው እንመለሳለን። እኔ ለዛፉ ብዬ አንድም ቀን አልተከልሁም፤ ለተረቱ መጨረሻ ብዬ ነው።

አባቴ ይስቅባቸው ነበር። የማሽላ ዘሩን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅሎ የሚያቆይ፣ በዘር ነገር ማንንም የማይሰማ ገበሬ ነው። የዶቅማውንም ዘር እንደዚያው ሰቀለው።

«አያ ይመር፣ ያልደረቀ ዘር ይበሰብሳል እኮ!»

«ወላሂ፣ አንተ የሰቀልኸው ዘር አይደለም፣ ቋንጣ ነው!»

አንድ አመሻሽ የጦጣዋን ተረት ጀመሩልን። ጦጣ ማር ዶቅማው ጫፍ ላይ ወጥታ ስትለቅም ጅብ ከሥሯ መጥቶ፣ «እኔ እኮ ሥጋ ትቻለሁ፣ ተጸጽቼ ተውበት አድርጌያለሁ፤ እስቲ አንድ ፍሬ ጣይልኝ» ይላታል። ትጥልለታለች፤ አፉን ያሰፋል። ትጥልለታለች፤ አሁንም ያሰፋል። ኋላ የቆመችበት ቅርንጫፍ ቀጭ አለ… አያ ይመር ጸጥ አሉ።

ሮጠን ወርደን ተከልን። መልስ ላይ ዝናቡ ደረሰብንና እያንዳንዳችን ወደየቤታችን ሮጥን። ሲዘንብ አደረ። ጎርፉ ማር ዶቅማውን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ታችኛው ሐይቅ ወሰደው።

በማግስቱ መጨረሻውን ብንለምናቸው አያ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተረቱ እዛፉ ላይ ነበር። የተከላችሁት ሲያፈራ እጨርስላችኋለሁ።»

አባቴ የሰቀለውን አውርዶ ዘራው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ቢጠጣ አንድም አልወጣ። እኛ ከደፈጠጥነው ግን ጥቂት ቡቃያ ብቅ አለ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካካው፣ እሾህ ቆርጦም አጠረው። ያ ሰው በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ ተሸንፌያለሁ ብሎ አያውቅም።

ፍየል የበላው ተበልቶ አንዱ አደገ። ዶቅማ ለማንም አይቸኩልም። እኔ ተድሬ ሐይቅ ከተማ ገባሁ፤ አያ ይመርም ፍሬውን ሳያዩ አለፉ። አፈራ ሲሉኝ ልጅ አዝዬ ሄድሁ። እንደ ገበያው ዶቅማ ቢጎመዝዝስ ብዬ ፍሬውን አገላበጥሁት። ነከስሁት። ማር ነው። ከዛፉ ሥር ብቻዬን ቆሜ «ከዚያስ አያ?» አልሁ።

ጅዳ ያለችው የልጅ ልጄ ባለፈው በስልክ፣ «እማ፣ ዘሩን አድርቀሽ ላኪልኝ» አለችኝ። የአባቴ ደም! «መጥተሽ ብዪ፤ በተረከዝሽም ትቀብሪዋለሽ» አልኋት።

ዛሬም ክረምት ሲቃረብ የመንደራችንን ልጆች ሰብስቤ፣ ጦጣዋን ቅርንጫፉ ላይ አድርሼ ጸጥ እላለሁ። ተክለው ሲመለሱ መጨረሻውን ይጠይቁኛል። ጦጣዋ ዘላ አመለጠች ብሎ የሚነግራቸው ጎረቤት አለ፤ ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ። እኔ ያልሰማሁትን አላወራም። የማውቀው ዛፉ እንደቆመ፣ ጅቡም አፉን እንደከፈተ፣ ጦጣዋም እስከ ዛሬ እንዳልወረደች ነው።